ሁለት ሩፒ ያዋጡት ገበሬዎች፦ ስለ ሽያም ቤኔጋል ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ህንዳዊው የፊልም ዳይሬክተር ሽያም ቤኔጋል በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አንድ ወዳጄ ልኮልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ርዕሱን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል። በእኛ አገር «የህንድ ፊልም» ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው ለቅሶ፣ ዱላና ዘፈን ነው። ከዚያ ውጭ ሌላ የሂንዲ ሲኒማ መኖሩን የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ጸሐፊው ርዕሱን ካነሱ በኋላ ሰውየውን መልሰው ቀበሩት። የጻፉትን እንዲሁ ማለፍ አልሆንልህ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ቤኔጋልን «ነጻ ዳይሬክተር» ማለት ስህተት ነው ይላሉ። በዘመድ በር የገባ የማስታወቂያ ሰው ነበር፤ ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና የወጣ ነው፤ ፊልሞቹን የአገሩ ሰው አላያቸውም፣ የተሠሩትም የህንድን ድህነት ለውጭ አገር ፌስቲቫል ለማቅረብ ነው፤ ዘፈን ይጠላ ነበር፤ ሴት ገጸ ባሕርያቱ ከማልቀስ በቀር ድርሻ የላቸውም፤ በመጨረሻም ለሁለት መንግሥታት የውዳሴ ፊልም ሠርቶ ሞተ። ነጥብ በነጥብ እመለስባቸዋለሁ። ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የዘመዱን ነገር እናንሳ። ታላቁ ዳይሬክተር ጉሩ ዱት ዘመዱ መሆኑ እውነት ነው፤ አያቶቻቸው እህትማማቾች ነበሩ። ነገር ግን ጉሩ ዱት የሞተው በ1964 ነው። የቤኔጋል የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም «አንኩር» የወጣው በ1974 ነው። አሥር ዓመት አስቀድሞ የሞተ ዘመድ ምን በር ይከፍታል? ቤኔጋል በ1934 ሃይደራባድ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጁ የመጀመሪያውን ፊልም በአባቱ ካሜራ የቀረጸው በ12 ዓመቱ ነው። በኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተማረ፣ የሃይደራባድን የፊልም ማኅበር መሠረተ፣ ከዚያም ወደ ቦምቤይ፣ ወደ ዛሬዋ ሙምባይ፣ ሄደ። እዚያም በ1959 በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጽሑፍ አዘጋጅ ሆኖ ተቀጠረ።

ጸሐፊው «የማስታወቂያ ሰው» ሲሉ እንደ ነቀፋ አድርገው ነው። እኔ ግን የሰውየውን ጽናት የማየው በዚሁ ላይ ነው። የ«አንኩር»ን ታሪክ የጻፈው ገና ተማሪ ሳለ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ይዞት ዞረ፤ ገንዘብ ያላቸው የቦምቤይ ሰዎች አልፈለጉትም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ሳሙናና ስለ ጨርቅ፣ ስለ ፋብሪካና ስለ መንደር በመቶዎች የሚቆጠሩ ማስታወቂያዎችንና ዘጋቢ ፊልሞችን ሠራ። በየሳምንቱ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ሰው በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀን መሥራትን ይማራል፤ ፊልም ሳይባክን መቅረጽን፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መግባባትንም ይለምዳል። በኋላ አብረውት የቆዩትን ባልደረቦች ያገኘውም በዚሁ ሥራ ውስጥ ነው። ከእነሱ አንዱ ካሜራማኑ ጎቪንድ ኒሃላኒ ነው። ኒሃላኒ ደግሞ የጉሩ ዱትን ፊልሞች ለቀረጸው ለቪ. ኬ. ሙርቲ ረዳት የነበረ ሰው ነው። ጸሐፊው ከጉሩ ዱት የተወረሰ ነገር ከፈለጉ በብርሃንና በጥላ አያያዝ ውስጥ ይፈልጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ጸሐፊው በጣም የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የህንድ መንግሥት በ1960 ለፊልም ሥራ ብድር የሚሰጥ ተቋም አቋቁሞ ነበር። በ1969 የወጡት የምሪናል ሴን «ቡቫን ሾም» እና የማኒ ካውል «ኡስኪ ሮቲ» የተሠሩት በዚያ ተቋም ገንዘብ ነው። አዲሱ የህንድ ሲኒማ ከእነሱ ስለሚቆጠር፣ ቤኔጋልንም በዚያው ሰልፍ ውስጥ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። እሱ ግን በዚያ በር አልገባም። የ«አንኩር»ን ወጪ የሸፈነው ብሌዝ የተባለ የግል ድርጅት ነው። የብሌዝ ሥራ በየሲኒማ ቤቱ ከዋናው ፊልም በፊት የሚታዩ ማስታወቂያዎችን ማከፋፈል ነበር። እንግዲህ ጸሐፊው የናቁት የማስታወቂያ ሥራ ነው በሩን የከፈተለት። «አንኩር» ገንዘቡን ከነትርፉ ስለመለሰ ያው ድርጅት «ኒሻንት»ንም፣ «ቡሚካ»ንም፣ ቆየት ብሎ «ማንዲ»ንም አሠራ። ነጋዴ በኪሳራ ላይ አራት ጊዜ አይመለስም።

በመካከሉ ደግሞ «ማንታን» አለ።

«ማንታን» ማለት መናጥ ማለት ነው፤ ቅቤ እስኪወጣ ወተት የሚናጠው መናጥ። ፊልሙ በ1976 የወጣ ሲሆን የሚያወሳው የጉጃራትን የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። የማኅበራቱ መነሻ በ1946 የኬዳ አውራጃ ገበሬዎች ወተታቸውን በርካሽ ለሚገዛ ነጋዴ አንሸጥም ብለው መነሳታቸው ነው። መሐንዲሱ ቨርጌሴ ኩሪየን በ1949 ወደ አናንድ ከተማ መጥቶ ከእነሱ ጋር ቆመ፤ ዛሬ «አሙል» በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት የተገነባው እንዲህ ነው። ቤኔጋል ስለ ማኅበራቱ ዘጋቢ ፊልሞች ሲሠራ ቆይቶ ታሪኩን በልብ ወለድ ፊልም መሥራት እንደሚፈልግ ለኩሪየን ነገረው። ገንዘብ ከየት ይምጣ? መልሱን ያገኘው ኩሪየን ነው። 500,000 የማኅበራቱ አባል ገበሬዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሩፒ አዋጡ። በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ሩፒ ማለት ነው። በፊልሙ መግቢያ ላይ በአዘጋጅነት የተጻፉት እነዚያ ገበሬዎች ናቸው።

ለእኛ አንባቢዎች ይህ እንግዳ አይደለም። እድር ያለው ሰው ይገባዋል። አንድ ሰው ብቻውን የማይሸከመው ነገር ሲመጣ ሁሉም ከመቀነቱ ትንሽ ትንሽ ይፈታል፤ ጉዳዩም የሁሉም ይሆናል። በዚህ መንገድ ፊልም ሲሠራ ግን እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጸሐፊው «ከመንግሥት ካዝና» ብለው ሲጽፉ ግማሽ ሚሊዮን ሰዎችን ከታሪኩ አወጧቸው። ያናደደኝ ይህ ነው።

ገንዘቡን የሰጠው ሰው ውዳሴ ይጠብቃል የሚል ይኖራል። እንዲያ ከሆነ ፊልሙን እንየው። አንድ የእንስሳት ሐኪም ማኅበር ሊያቋቁም ወደ መንደር ይመጣል። የወተት ነጋዴው ይቃወመዋል፣ የመንደሩ ሹም ይቃወመዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን ገበሬዎቹ ራሳቸው በዘር ደረጃ ተከፋፍለዋል። ከዝቅተኛው መደብ የመጣው ቦላ ከከተማ የመጣውን ሰው ሁሉ ይጠራጠራል። የማኅበሩ ምርጫ መንደሩን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። ሐኪሙም ደግ ይሁን እንጂ ብዙ የማይገባው ነገር አለ፤ በመጨረሻም ሥራውን ሳይጨርስ ተዛውሮ ይሄዳል። ማኅበሩን የሚያነሳው ቦላ ነው። ገበሬዎቹ ባወጡት ገንዘብ የራሳቸው ክፍፍል በአደባባይ ታየ። የውዳሴ ፊልም የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለውን አያሠራም፤ እንዲህ ያለውን የሚሠራ ዳይሬክተርም የማንም ሎሌ አይደለም።

መንግሥታዊ ገንዘብ ፈጽሞ አልነካም ብዬ አልከራከርም። በ1982 የወጣውን «አሮሃን» ያሠራው የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ነው። በ1988 የተላለፈው «ባራት ኤክ ኮጅ» የተባለው 53 ክፍል ያለው የታሪክ ድራማ የተሠራው ለመንግሥት ቴሌቪዥን ነው። «ሱራጅ ካ ሳትቫን ጎዳ» እና «ማሞ»ም እንዲሁ በመንግሥት የፊልም ተቋም የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ደግሞ «ጁኑን» እና «ካልዩግ» በታዋቂው ተዋናይ በሻሺ ካፑር ገንዘብ ተሠሩ፤ ስለ ሸማኔዎች የሚያወሳውን «ሱስማን»ን የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሠሩት። የማስታወቂያ አከፋፋይ፣ ወተት አላቢ፣ ሸማኔ፣ የፊልም ኮከብ፣ የክልል መንግሥት፣ ቴሌቪዥን። አንዱ ሲዘጋበት ሌላውን የሚያንኳኳ ሰው የአንዱ ጥገኛ አይሆንም። እኔ ነጻነት የምለው ይህንን ነው። ጸሐፊው ግን ነጻ ዳይሬክተር ማለት የራሱን ቤት ሸጦ ፊልም የሠራ ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። ያ ድፍረት ነው፣ አከብረዋለሁ፤ አንድ ወይም ሁለት ፊልም ያሠራል። ቤኔጋል ግን ከ20 በላይ ረጃጅም ፊልሞችን ሠርቷል።

ከመንግሥት ጋር ስለነበረው ግንኙነት አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 የፊልም ቅድመ ምርመራን የሚያጠና ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መርቷል። የኮሚቴው ዋና ሐሳብ የቅድመ ምርመራው ቦርድ ፊልሞችን በዕድሜ መመደብ እንጂ መቁረጥ ሥራው መሆን የለበትም የሚል ነበር። የመንግሥት ሰው የተባለው ዳይሬክተር ለመንግሥት ያቀረበው ምክር ይህ ነው።

«የአገሩ ሰው አላየውም» ለሚለው ከላይ ከተነገረው ብዙ የምጨምረው የለም። ለ«ማንታን» ሁለት ሩፒ የከፈሉት ገበሬዎች «የእኛ ፊልም» ብለው በጭነት መኪና እየተጫኑ ወደ ከተማ ሲኒማ ቤቶች ጎረፉ። ፊልሙም የወተት ማኅበራትን በሌሎች ክልሎች ለማስፋፋት በየመንደሩ ይታይ ነበር።

ይልቅ የድህነት ንግድ የሚለው ክስ ከባድ ነውና ቆም እንበልበት። ክሱ በአጠቃላይ ሲታይ ባዶ አይደለም። የድሃን ፊት በቅርብ እያሳዩ ከሩቅ አገር ጭብጨባ የሚሰበስቡ ፊልሞች አይቻለሁ፤ በእኛም ላይ ተሠርተዋል፣ እኔንም አስቆጥተውኛል። ነገር ግን «አንኩር»ን ከእነዚያ ጋር ማስቀመጥ አይገባም። «አንኩር» ማለት ቡቃያ ነው። የባለርስት ልጅ ወደ እርሻው ይመጣል፤ መስማትና መናገር የማይችል የሸክላ ሠሪ ሚስት የሆነችውን ላክሽሚን ይተኛል፣ ስታረግዝበት ይክዳታል፣ በራሱ ፍርሃት ተነሥቶም ባሏን በጅራፍ ይገርፋል። ጥቃቱን ቆሞ ያየ አንድ ትንሽ ልጅ ድንጋይ አንሥቶ የባለርስቱን መስኮት ይሰብራል። ፊልሙ እዚያው ላይ ያበቃል። የውጭ ተመልካች እንዲያዝን የተሠራ ፊልም በእንባ ይዘጋል፤ ይህ የተዘጋው በድንጋይ ነው።

ቤኔጋል ያደገው በዚያው በሃይደራባድ ግዛት ነው። ከ1946 ጀምሮ የቴላንጋና ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ነፍጥ ያነሱት እሱ ልጅ ሳለ ነው። የልጁን ድንጋይ ከዚያ አመጽ ነጥሎ ማየት አይቻልም። «አንኩር» በወጣበት በ1974 የእኛ ባለርስትና ጭሰኛም የመጨረሻውን ዓመት እየኖሩ ነበር። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ የላክሽሚ ጌታ አነጋገር፣ ወንበር ላይ አቀማመጡ፣ ውሃ አምጪ ሲል ቀና ብሎ እንኳ አለማየቱ፣ ከአያቴ የሰማሁትን የባላባት ወግ አንድ በአንድ አስታወሰኝ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ስለ ቋንቋውም ልናገር። በቦምቤይ ፊልሞች የገጠር ሰው ሳይቀር የከተማ ሂንዲ ይናገራል። በ«አንኩር» ግን ሰዎቹ የሚናገሩት ዳካኒን፣ ማለትም የሃይደራባድን አካባቢ አነጋገር ነው። የወሎ ገበሬ በፊልም ላይ እንደ ዜና አንባቢ ሲናገር እንዴት እንደሚያሳፍር እናውቃለን። ቤኔጋል ያንን አልፈለገም። እንግዲህ ልጠይቅ፦ የግርጌ ጽሑፍ እያነበበ ፊልሙን የሚያይ የበርሊን ተመልካች ዳካኒን ከሌላው ሂንዲ ይለያል? አይለይም። ያ ሁሉ ልፋት የተደረገው ለዪውን ተመልካች፣ የአገሩን ሰው አስቦ ነው።

ዘፈን ይጠላ ነበር የሚለውን በአጭሩ አልፋለሁ። በ«ማንታን» መግቢያ ላይ ፕሪቲ ሳጋር የዘፈነችው ዘፈን የፊልምፌር ሽልማት አግኝቷል፤ ኋላም የአሙል ማስታወቂያ ሆኖ ፊልሙን ያላየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዘወትር የሙዚቃ ባልደረባው ቫንራጅ ባቲያ በለንደንና በፓሪስ የተማረ ሰው ነበር። በ2001 የወጣውን «ዙቤይዳ»ን ሙዚቃ የሠራው ደግሞ ኤ. አር. ራህማን ነው። ቤኔጋል ያልወደደው ምክንያት የሌለውን ዘፈን ነው፤ ታሪክ ቆሞ ዝናብ ውስጥ የሚጨፈርበትን። እኔ ያንንም እወዳለሁ፤ በልጅነቴ አጎቴ ሲኒማ ራስ ይዞኝ ሲሄድ ቃሉ ሳይገባን በቃላችን የያዝናቸው ዘፈኖች እስካሁን ይመጡብኛል። አንዱን ለመውደድ ሌላውን ማንቋሸሽ አያስፈልግም።

የሴቶቹ ነገር ግን ከልቤ አሳዝኖኛል፤ ጸሐፊው ፊልሞቹን አላዩም ብዬ እንድጠረጥር ያደረገኝም ይህ ነጥብ ነው።

ሻባና አዝሚ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የታየችው በ«አንኩር» ላክሽሚን ሆና ነው፤ በዚያው የአገሪቱን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አገኘች። ስሚታ ፓቲል በቦምቤይ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ነበረች፤ እሷንም ወደ ፊልም ያመጣት ቤኔጋል ነው። በ1977 የወጣው «ቡሚካ»፣ ትርጉሙ «ሚና»፣ በማራቲ ተዋናይት በሃንሳ ዋድካር የሕይወት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ኡሻ ከልጅነቷ ጀምራ ቤተሰብ የምታስተዳድር ተዋናይት ናት። ባሏ በገንዘቧ ይኖራል፣ በዚያው አፉ ይሰድባታል። አብሯት የሚሠራው ተዋናይ ይወዳታል፤ አንድ ዳይሬክተር አብረን እንሙት ይላታል፤ አንድ ሀብታም ወደ ሰፊ ቤቱ ይወስዳትና ከግቢ እንዳትወጣ ይከለክላታል። ኡሻ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሄደው ተገፍታ ብቻ አይደለም፤ ራሷ ትመርጣለች፣ ትሳሳታለች፣ ትቆጣለች፣ እንደገና ትነሳለች። ተመልካች ሁልጊዜ አይወዳትም። ቤኔጋልም እንድንወዳት አይለማመጠንም። መጨረሻ ላይ ብቻዋን በሆቴል ክፍል ስትቀመጥ አሸነፈች ወይስ ተሸነፈች የሚለውን እኔ እስካሁን አልወሰንኩም። ስሚታ ያኔ 22 ዓመቷ ነበር። የአገሪቱን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አገኘችበት፤ በ31 ዓመቷም ሞተች።

በ«ማንዲ» ሻባና አዝሚ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ባለቤት ናት፤ ትጮኻለች፣ ታቆላምጣለች፣ ትዋሻለች፣ ከከተማው ባለሥልጣናት ጋር ትደራደራለች። በ1994 የወጣው «ማሞ» ደግሞ የአንዲት አሮጊት ታሪክ ነው። ከህንድ ክፍፍል በኋላ በፓኪስታን ኖራ፣ ባሏ ሲሞት ወደ ቦምቤይ እህቶቿ መጥታ ቪዛዋ ያልፍባትና በፖሊስ ተይዛ ትባረራለች። ተመልሳ ስትመጣ ምን ታደርጋለች? እንደሞተች የሚመሰክር ወረቀት አሠርታ ታመጣለች። የሞተን ሰው ማን ያባርራል? ፋሪዳ ጃላል ያንን ስትጫወት አንድ ሰው አጠገቤ እየሳቀ እንባውን ሲጠርግ አይቻለሁ። «ከማልቀስ በቀር ድርሻ የላቸውም» የተባሉት እነዚህ ሴቶች ናቸው።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው የሚሉት በ2023 ስለወጣው «ሙጂብ» ነው። ፊልሙ የባንግላዴሽን መሥራች የሼክ ሙጂቡር ራህማንን ሕይወት ይተርካል፤ ያሠሩትም የህንድና የባንግላዴሽ መንግሥታት ናቸው፤ በዳካ ሥልጣን ላይ የነበረችውም የሟቹ ልጅ ናት። ፊልሙን አይቼዋለሁ። ጀግናው በፊልሙ ውስጥ አይሳሳትም፤ ተቃዋሚዎቹ ጥላ ብቻ ናቸው፤ ካሜራው ዝቅ ብሎ ሽቅብ ያየዋል። በ1992 በ«ሱራጅ ካ ሳትቫን ጎዳ» አንድን ታሪክ ሦስት ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ አስተርኮ፣ ማንኛውም ተራኪ እውነቱን ብቻውን እንደማይዝ ያሳየን ይኸው ሰው ነው። በ88 ዓመቱ አንድን ታሪክ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲነግረን ማየት ለሚወደው ሰው ቀላል አይደለም። ቤኔጋል 90 ዓመት በሞላው በዘጠነኛው ቀን፣ በዲሴምበር 23 ቀን 2024 ሙምባይ ውስጥ አረፈ፤ «ሙጂብ» የመጨረሻ ፊልሙ ሆኖ ቀረ። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ይህን ነጥብ ብቻውን ጽፈውት ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ምላሽ ባልጻፍኩ ነበር።